ኮሪያኛ በኮምፒውተር ለመጻፍ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው። የኮሪያኛ ኪቦርድ ጨምሬያለሁ፤ ስጽፍ ግን የሚወጣው እንግሊዝኛ ነው። ምን አጠፋሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ምንም አላጠፉም፤ የቀረዎት አንድ ቁልፍ መምታት ብቻ ነው። ኮሪያኛ ለመጻፍ ሁለት የተለያዩ መቀየሪያዎች አሉ። አንደኛው ቋንቋውን ይቀይራል፦ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘው ስፔስ ሲመቱ ከእንግሊዝኛ ወደ ኮሪያኛ ያልፋሉ። ሁለተኛው እዚያው ኮሪያኛው ኪቦርድ ውስጥ ያለ ነው። ይህ ኪቦርድ የኮሪያኛውን ፊደል ሀንጉልንም እንግሊዝኛንም ስለሚጽፍ፣ የትኛውን እንደሚፈልጉ ይጠብቃል። ከታች በቀኝ በኩል ሰዓቱ አጠገብ ይመልከቱ። የእንግሊዝኛው ‹ኤ› ከታየ፣ ከስፔስ በስተቀኝ ያለውን ኦልት አንዴ ይምቱ። በ‹ኤ› ፈንታ ‹ጋ› ተብላ የምትነበበው የሀንጉል ፊደል ከመጣች ተስተካክሏል።

የቀኙ ኦልት ምንም ካልለወጠ፣ ዊንዶውስ የኪቦርድዎን ዓይነት በስህተት ይዞታል ማለት ነው። ወደ ሴቲንግስ ይግቡ፤ ‹ታይም ኤንድ ላንጉጅ›፣ ከዚያ ‹ላንጉጅ ኤንድ ሪጅን› ይክፈቱ። ከኮሪያኛ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው ወደ ቋንቋው አማራጮች ሲገቡ ኪቦርዱን መለወጫ ያገኛሉ። ባለ 101 ቁልፍ ዓይነት 1ን ይምረጡና ኮምፒውተሩን ዘግተው ይክፈቱት፤ ሳይዘጉት ለውጡ አይሠራም። ላፕቶፕዎ ከነጭራሹ የቀኝ ኦልት ከሌለው ዓይነት 3ን ይምረጡ፤ ያኔ መቀየሪያው ሺፍትና ስፔስ አንድ ላይ ይሆናል።

ገና ኮሪያኛን ለምትጨምሩ አንድ ማሳሰቢያ። ቋንቋውን ስትመርጡ ከሥሩ ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች ይመጣሉ። የዊንዶውስ ማሳያ ቋንቋ አድርግ የሚለው ላይ ምልክት ካለ አንሱት፤ ካላነሳችሁት ኮምፒውተሩ በሙሉ ወደ ኮሪያኛ ይዞራል። የንግግርና የእጅ ጽሑፍ ተጨማሪዎችንም መተው ይቻላል። ለመተየብ አያስፈልጉም፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ደግሞ ወጪ ናቸው።

ጥያቄ፦ ‹ኬ›ን ስመታ ‹ክ› ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ‹አ› ነው። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ እንደምንጽፈው ኮሪያኛን መጻፍ አይቻልም? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በማክና በሊኑክስ ላይ እንደዚያ የሚሠራ አማራጭ አለ፤ እኛ ግን አንመክርም። ኮሪያ ውስጥ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ የሚጠብቅዎት ዱቦልሲክ የሚባለው አቀማመጥ ነው። የኮሪያኛ ችሎታ ፈተናው ቶፒክም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በኮምፒውተር ጭምር እየተሰጠ ስለሆነ፣ ከመነሻው ትክክለኛውን መልመድ ይሻላል።

ደግሞም በጣም የታሰበበት አቀማመጥ ነው። 14ቱ ተነባቢዎች በግራ በኩል፣ 12ቱ አናባቢዎች በቀኝ በኩል ይገኛሉ፤ ሲደመሩ 26፣ ልክ የእንግሊዝኛውን ቁልፎች ያህል። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያሉ መሄድ ነው።

‹አንድ› ማለት የሆነውን ‹ሃና› እንጻፍ። ‹ጂ›ን ሲመቱ የ‹ህ› ድምፅ ያላት ፊደል ትመጣለች። ‹ኬ› ሲጨመር ‹ሃ› ትሆናለች። ‹ኤስ› ሲከተል ‹ን› ከሥሯ ትገባና ‹ሃን› የሚል አንድ ጥቅል፣ ማለትም በአንድነት የተገጠመ አንድ ክፍለ ቃል፣ ይሆናል። አሁን እንደገና ‹ኬ›ን ይምቱ፦ ያቺ ‹ን› ከሥር ተነሥታ ወደ ቀጣዩ ጥቅል ትዘላለች፤ ‹ሃና› ተጻፈ። ብዙ ጀማሪ ፊደሏ ስትዘል ተሳሳትኩ ብሎ ያጠፋል። አይንኩት፤ ማሽኑ የሚቀጥለው አናባቢ እስኪመጣ ‹ን› የማን እንደሆነች ማወቅ ስለማይችል ነው።

‹ሀንጉል› ራሱ ‹ጂ ኬ ኤስ›፣ ቀጥሎ ‹አር ኤም ኤፍ› ነው። ‹ኤም› ላይ ያለችው አናባቢ ከእኛ ሳድስ ጋር ትቀራረባለች፤ ለዚህ ነው ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ‹ሃንግል› የሚመስለው።

በአናባቢ የሚጀምር ቃል ሲሆን አስቀድመው ‹ዲ›ን ይምቱ። ‹ዲ› ላይ ያለችው ክብ ፊደል በመነሻ ቦታ ድምፅ የላትም፤ ያለሷ ግን አናባቢው ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጠበቅ ተደርገው የሚነበቡት አምስቱ ተነባቢዎች ከሺፍት ጋር በ‹ኪው›፣ ‹ደብልዩ›፣ ‹ኢ›፣ ‹አር› እና ‹ቲ› ይገኛሉ። ‹ዋ› የራሷ ቁልፍ የላትም፤ ‹ኤች›ን ቀጥሎ ‹ኬ›ን ሲመቱ ትሠራለች።

ባለ ኮሪያኛ ፊደል ኪቦርድ መግዛት አያስፈልግም። የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልንና ‹ኦ›ን አብረው ሲጫኑ ኪቦርዱ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ እሱን እያዩ ይለማመዱ።

ጥያቄ፦ አማርኛም እንግሊዝኛም እጽፋለሁ። ኮሪያኛ ሲጨመር መቀያየሩ አሰለቸኝ። (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን አቋራጭ ይስጡት። በሴቲንግስ መፈለጊያ ላይ ‹አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ› ብለው ይግቡ፤ ‹ኢንፑት ላንጉጅ ሆት ኪስ› የሚለውን ይክፈቱ። ኮሪያኛን መርጠው የግራ ኦልት፣ ሺፍትና ቁጥር 3፣ ለአማርኛው ቁጥር 2 ይመድቡ። አማርኛ የሚጽፉት ለብቻው በሚከፈት ፕሮግራም ከሆነ ግን ወደ ኮሪያኛ ከማለፍዎ በፊት ያጥፉት። ሁለቱ አንዱን ቁልፍ ከተሻሙ የሚወጣው ጽሑፍ የማንም ቋንቋ አይሆንም።

ጥያቄ፦ በማክ የጻፍኩትን የቤት ሥራ ለመምህሬ ላክሁ። የፋይሉ ስም በእሳቸው ዊንዶውስ ላይ ፊደል በፊደል ተበትኖ ታየ። (ከሴኡል)

መልስ፦ ፋይሉ አልተበላሸም። ማክ ብዙ ጊዜ የፋይል ስምን ጥቅሉን ፈትቶ፣ ተነባቢና አናባቢውን ለየብቻ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ራሱ ሲያሳይ መልሶ ስለሚገጥመው እርስዎ አያዩትም። ዊንዶውስ ግን እንደተፈታ ሊያሳየው ይችላል። ውስጡ ያለው ጽሑፍ ደህና ነው። መምህርዎ ስሙን ዊንዶውሱ ላይ እንደገና ቢተይቡት ይስተካከላል። ለማመልከቻና ለፈተና የሚልኩትን ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ይሰይሙት፤ ተቀባዩ ስሙን ማንበብ ካቃተው ፋይሉን ሳይከፍተው ሊያልፈው ይችላል።