የፔሬድ ህመምና ትምህርት፦ የጠየቃችሁኝን እየመለስኩ ነው

ሰላም የጎንደር ልጆች። ሚድዋይፍ ነኝ፣ የምሰራውም እዚሁ ጎንደር ነው። ትናንት በፔሬድ ህመም ምክንያት ክላስ የምትቀሩ ካላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ግን ከጠበኩት በላይ ጎረፈ። ፋይናል ስለደረሰ ማታውኑ ቁጭ ብዬ እየመለስኩ ነው፣ ስም አላወጣም አትፍሩ።

ጥያቄ፦ ማራኪ ካምፓስ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። በየወሩ የመጀመሪያዋን ቀን አልጋ ላይ ነው የምውለው፣ ያስመልሰኛል፣ ያስቀምጠኛልም። እናቴ "ተፈጥሮ ነው ቻይው፣ ስትወልጂ ይተውሻል" ትለኛለች።

መልስ፦ ፔሬዱማ ተፈጥሮ ነው እህቴ፣ አልጋ ላይ የሚጥል ህመም ግን መታከም አለበት። ማህፀን የውስጥ ሽፋኑን ሊያራግፍ ሲል ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ያመነጫል፣ እሱ የማህፀንን ጡንቻ ጭምድድ ያደርገዋል፣ ጡንቻው ሲጨመደድ ደም ስሮቹን ስለሚጫናቸው ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ቁርጠቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኬሚካሉ አንጀትንም ስለሚነካ ነው የሚያስቀምጥሽ፣ ማቅለሽለሹም ከዚሁ ነው። በዝቶ የሚመነጭባት ልጅ ከሌላዋ ይበልጥ ያማታል፣ ስለዚህ ዶርም ሜቶችሽ ደህና ሆነው አንቺ ስለታመምሽ ሞልቃቃ ነኝ ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። ከወለዱ በኋላ የሚቀላቸው አሉ፣ የማይቀላቸውም አሉ። ደግሞስ እስክትወልጂ ስንት ሴሚስተር ሊያልፍ ነው?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አይቡፕሮፌን እወስዳለሁ ግን ምንም አይሰራልኝም፣ ለምንድነው?

መልስ፦ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትወስጂው? ወደ እኔ የሚመጡትን ልጆች ሁሌ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይሄን ነው፣ መልሳቸውም አንድ ነው፦ "መቻል ሲያቅተኝ"። ችግሩ እዛ ላይ ነው። አይቡፕሮፌን የሚሰራው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማድረግ ነው፣ አንዴ ተመርቶ ማህፀንሽን እየጨመቀው ከሆነ ግን የዘገየ መድሃኒት ብዙም አይረዳሽም። ስለዚህ ደም ጠብ ሲል ወይም ወገብሽን ያዝ ሲያደርግሽ ወዲያው ውሰጂ፣ ቀንሽ የማይዛባ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ቀደም ብለሽ መጀመር ትችያለሽ። 400 ሚሊግራም፣ ምግብ በልተሽ፣ በየ 8 ሰዓቱ፣ ለሁለት ወይ ለሦስት ቀን። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በቀን ከሦስት እንክብል አትለፊ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይ አስም ካለብሽ ወይ እርጉዝ ከሆንሽ ሳትጠይቂ አትውሰጂው። ዳይክሎፌናክ ደርበው የሚውጡ ልጆችም አጋጥመውኛል፣ ሁለቱ አንድ ዘር ናቸው፣ መደረቡ ጨጓራን ነው የሚጎዳው። በዚህ መንገድ ሁለት ሦስት ወር ሞክረሽው ካልሆነ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ለዚሁ ህመም የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፣ ያላገባች ልጅም ለህመሙ ብላ ልትወስደው ትችላለች።

ጥያቄ፦ መድሃኒት ካዘወተርሽ መሃን ትሆኛለሽ ይባላል።

መልስ፦ ለፔሬድ ህመም በወር ሁለት ሦስት ቀን የሚወሰድ አይቡፕሮፌን መሃን አያደርግም። ይሄን ወሬ ፈርተው ስንቶቹ ዝም ብለው ሲሰቃዩ አይቻለሁ መሰላችሁ፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት ነው የምጾመው፣ ባዶ ሆዴን ልውሰድ?

መልስ፦ አይቡፕሮፌንን ባዶ ሆድ አልመክርም። ፓራሲታሞል ለሆድ ይሻላል፣ ለዚህ ቁርጠት ግን አቅሙ ያንሳል። ስለ ጾሙ እኔ ልፈርድ አልችልም፣ የንስሐ አባትሽን አማክሪያቸው፣ ማፈር የለብሽም፣ አሞኛል ብቻ ብትያቸው ይበቃል። ሙስሊም እህቶቼ በረመዳን ፔሬድ ላይ ስለማትጾሙ እናንተ በልታችሁ ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ክኒን አልወድም፣ ዶርም ውስጥ ማድረግ የምችለው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ፣ ሙቀት! የጎንደርን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በተለይ ክረምት ላይ። እኔ ተማሪ እያለሁ ከካፌ ሙቅ ውሃ ለምኜ በሃይላንድ እሞላ ነበር፣ የፈላ ከሆነ ፕላስቲኩ ጭምትር ስለሚል ትንሽ ቀዝቀዝ እስኪል እጠብቅና ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ከእምብርቴ በታች አስቀምጬ ጋቢ እደርብበታለሁ፣ ከዛ እዛው ተኝቼ ሃንዳውቴን አነባለሁ። ሙቀት በጥናት ተፈትኖ ከአይቡፕሮፌን ጋር የሚቀራረብ ማስታገስ የታየበት ነገር ነው፣ ሁለቱን አብሮ መጠቀምም ይቻላል። በቀጥታ ቆዳሽ ላይ ግን አታድርጊው፣ ያቃጥላል። የዝንጅብል ሻይም የጠቀማቸው ብዙ ናቸው። ሌላው እንቅስቃሴ ነው፣ በህመሙ ቀን እንኳን ባይሆን በሌላው ቀን ወክ አድርጊ፣ ዳገት በዳገት በሆነ ከተማ እየኖርን ለዚህ አንቸገርም መቼም።

ጥያቄ፦ መታየት ያለብኝ መቼ ነው? በየዓመቱ እየባሰብኝ ነው።

መልስ፦ እየባሰብኝ ያልሽው ራሱ ለመታየት በቂ ምክንያት ነው። የተለመደው ቁርጠት ፔሬድ ከጀመርሽ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ይመጣና በየወሩ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። ፔሬድ ሳይኖር የሚያምሽ ከሆነ፣ በግንኙነት ወይም ሽንት ቤት ስትቀመጪ የሚያምሽ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፣ ወይ በየሰዓቱ ሞዴስ የምትቀይሪ ከሆነ ከጀርባው ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ማዮማ (ማህፀን ላይ የሚበቅል እጢ) ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደግሞ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማህፀን ሽፋንን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጪ ሲበቅል። እሱ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 አንዷ ላይ እንደሚገኝ ይገመታል፣ ብዙዎቹ ዓመታት ከተሰቃዩ በኋላ ነው የሚታወቅላቸው፣ አልትራሳውንድ ንጹህ ነው ቢልም ላይታይ ስለሚችል ህመሙ ካልተወሽ ተመለሺ። ከካምፓስ ክሊኒክ ጀምሪና ወደ ማህፀን ሐኪም ሪፈር አጽፊ። የሚያምሽን ቀንና የወሰድሽውን መድሃኒት ደብተርሽ ጀርባ ላይ መዝግበሽ ሂጂ፣ ሐኪሙን በጣም ነው የሚረዳው።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ ጓደኛዬ ሲያማት ምን ላድርግላት?

መልስ፦ ተባረክ ወንድሜ። ኖት ያዝላት፣ ሙቅ ውሃና ምግብ አምጣላት፣ ስትቆጣ ደግሞ "ፔሬድሽ መጣ እንዴ" አትበላት።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። አንዳንድ ተማሪዎች ፈተና ላይ አሞኛል ይላሉ፣ እውነቱን ከሰበቡ እንዴት ልለይ?

መልስ፦ መጠየቅዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው መምህር። እኔ ሁለተኛ ዓመት ሆኜ ሚድ ላይ ሆዴን ይዤ አጎንብሼ ተቀምጬ ነበር፣ ፈታኙ መጣና ሁሉም እየሰማ "ካላጠናሽ አትምጪ" አለኝ። አጥንቼ ነበር። ስሜን ብቻ ጽፌ ወጣሁ፣ ያ ወረቀት እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ለመለየት ብዙ አይጨነቁ፣ ሁለት ሦስት ልጅ ቢያታልልዎት የታመመችዋን ከማሳፈር ይሻላል። ሽንት ቤት ልሂድ ስትል ይፍቀዱላት፣ በበሩ አጠገብ ያስቀምጧት፣ ሜካፕ ፈተና ስትጠይቅ ደግሞ ምክንያቷን ክላስ ፊት አያስወሩዋት።

ጥያቄ፦ ሲስተር ነገ ጠዋት 2፡30 ፈተና አለኝ፣ አሁን ማታ ጀመረኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ የከለከልኳችሁ ውስጥ ከሌለሽ አሁኑኑ ዳቦም ቢሆን ቀምሰሽ አንድ አይቡፕሮፌን ውሰጂ፣ ሙቅ ውሃሽን ይዘሽ ተኚ፣ ማንበቡ ይቅርብሽ። ጠዋት 12፡30 ላይ ተነሺ፣ ቁርስ በልተሽ ሁለተኛውን ውሰጂ፣ በመሃሉ 8 ሰዓት መኖሩን ግን እይ። ሞዴስና አንድ ትርፍ ፓንት ቦርሳሽ ውስጥ አስቀምጪ፣ ጥቁር ሱሪ ልበሺ። ስትወጪ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።