የአያት ክረምት፦ ልጆች ጥየቃ፣ መንገድና ሹራብ (ጥያቄና መልስ ከደሴ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። ክረምቱን ደሴ ኮምቦልቻ አዲስ አበባ እያልኩ ልጆቼ ጋ ስዞር የሰራኋቸውን ሹራቦች ፎቶ ካያችሁ ወዲህ አንድ በአንድ እየጠየቃችሁኝ ስለሆነ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ ብያለሁ። ሰባት የልጅ ልጆች አሉኝ አልሀምዱሊላህ፣ የሹራብ መርፌ ከያዝኩ ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ስለ ሹራቡም ስለ መንገዱም ስለ ልጆቹም ጠይቁ፣ የማውቀውን አልደብቅም።

ጥያቄ፦ እማማ፣ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነበሩ አሉ። የት የት ሄዱ? እንዴትስ ቻሉት?

መልስ፦ ሙሉውን እንኳን አይደለም የኔ ልጅ። አረፋ ግንቦት 29 ስለዋለ መጀመሪያ እነሱ ናቸው ወደኔ የመጡት፣ የኮምቦልቻዋ ልጄ ከነባሏ ከነልጆቿ ደሴ ወጣች፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጅዳ ያለችው ልጄ ከስድስት ዓመት በኋላ ልጇን ይዛ ገባች፣ ሀምሌን ሶስት ሳምንት አዲስ አበባ ትልቁ ልጄ ጋ ነበርኩ፣ ፍልሰታ ሲገባ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ለመውሊድ ነሀሴ ማለቂያ ላይ ቤቴ ተመለስኩ ሳምንት ሳይሞላው እንቁጣጣሽ ሆነ ቤቱ እንደገና ሞላ። ጉልበቴን ያመኛል፣ እሱን አልዋሽም። ግን ሁለት ቀን በተከታታይ አልጓዝም፣ የማለዳውን መኪና እይዛለሁ፣ ትኬት ስቆርጥ ፊት ወንበር ካልተገኘ በማግስቱ እሄዳለሁ እላለሁ። በቃ ይሄው ነው።

ጥያቄ፦ አሁን እኮ ስልክ አለ፣ ፎቶና ቪዲዮ አለ። የልጆቹን ልክ በስልክ ተቀብለው ደሴ ቁጭ ብለው አይሰሩም ወይ? መንገዱ ለምን?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅክ አመሰግንሀለሁ፣ ምክንያቱም ሞክሬው ነው የተውኩት። የጅዳዋ የልጅ ልጄ ሶስት ዓመት ሲሞላት እናቷ ፎቶ ላከችልኝ፣ ቁመቷ ይሄን ያህል ነው አለችኝ፣ እኔም ሮዝ ሹራብ በአበባ ጥልፍ አርጌ ሰርቼ ሰው ሲሄድ ላኩላት። አንድ ወር ሙሉ የለፋሁበት ነው። ስትለብሰው ለማየት በቪዲዮ ደወልኩ፣ አንገቱ ጭንቅላቷን አላሳልፍ ብሎ ልጅቷ ሹራቡ ውስጥ ሆና ስታለቅስ አየሁ። የሶስት ዓመት ልጅ ጭንቅላት ዙሪያው 49፣ 50 ሳንቲሜትር ይደርሳል፣ ከደረቷ ብዙም አያንስም፣ ፎቶ ላይ ግን ይሄ አይታይም። ዘንድሮ ስትመጣ ያን ሹራብ በሻንጣዋ ይዛው መጣች፣ አሻንጉሊቷን አልብሳዋለች።

ከዛ ወዲህ ልጁን በእጄ ሳልነካ አልጀምርም። ሜትር አልጠቀምም፣ ክር ነው የምጠቀመው። ልጁን ፊቴ አቆመዋለሁ፣ ክሩን ከማጅራቱ አጥንት እስከ ወገቡ ለክቼ አንድ ቋጠሮ፣ ከዛው ጫፍ ጀምሬ ከብብት እስከ እጅ አንጓ ሌላ ቋጠሮ፣ ደረቱን ዙሬ፣ ጭንቅላቱን ዙሬ። ጭንቅላት ላይ ድርብ ቋጠሮ አረጋለሁ እንዳይምታታብኝ። በዓመቱ ስመለስ በሌላ ቀለም ክር አዲስ እለካለሁ፣ አሮጌውን አልጥለውም፣ አንድ ላይ አስራቸዋለሁ። የመጀመሪያው የልጅ ልጄ 14 ክር አለው፣ ጎን ለጎን ስትዘረጊያቸው በየት ዓመት እንደተመዘዘ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ወደ ከተማው ሲቀርብ ከደሴ የወጣነው በድንገት ነው፣ ሌላው እቃ ሁሉ ቤት ቀረ፣ የክሮቹ ከረጢት ግን ጉያዬ ውስጥ ነበር። ለምን እሱን እንዳነሳሁ እስካሁን ልጆቼ ይጠይቁኛል።

ጥያቄ፦ ለኮምቦልቻና ለደሴ ልጆች አንድ አይነት ክር ነው የሚጠቀሙት?

መልስ፦ አረ በፍጹም! ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት ግን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ነው፣ የሀረጎን ቁልቁለት ስትወርጂ ጆሮሽ ይደፈናል፣ ሳትደርሺ ነጠላሽን ከላይሽ ታነሺያለሽ። ለደሴ ልጅ የሱፍ ክር ወይ ሱፍ የተቀላቀለበት፣ በተለይ ሀምሌና ነሀሴ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል ያ ብርድ አጥንት ይገባል። ለኮምቦልቻ ልጅ የጥጥ ክር፣ እጅጌው አጭር ወይ ጭራሽ እጅጌ የሌለው። ለጅዳዋም ጥጥ ነው፣ ጅዳ ሙቀት ነው ሹራብ ምን ያረግላታል ትሉኝ ይሆናል፣ ልጅቷ ግን ቀኑን ሙሉ ኤሲ ያለበት ክፍል ነው የምትውለው፣ ስስ ሹራብ ያስፈልጋታል።

አክሪሊኩ ርካሽ ነው፣ ቀለሙም ያምራል፣ አይጠብም፣ ለትምህርት ቤት አልጠላውም። ግን እናቶች እባካችሁ፣ አክሪሊክ እሳት ሲነካው ይቀልጣል፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከሰል ምድጃ ዙሪያ ለሚውል ህፃን ሱፍ ወይ ጥጥ አርጉለት።

ጥያቄ፦ ልኩን ከያዝኩ በኋላ ስንት አይን (መርፌው ላይ የሚያዘው የክር ቀለበት) እንደምጀምር ነው የሚጠፋኝ። ሁሌ ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል።

መልስ፦ ሙከራ ስለማትሰሪ ነው የኔ እህት። ሁሉም ሰው ይሰለቸዋል ግን ያለሱ አይሆንም። በምትሰሪበት ክርና መርፌ 15 በ15 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ስሪ፣ አጥበሽ አድርቂው፣ ከዛ መሀሉ ላይ 10 ሳንቲሜትር ለክተሽ ስንት አይን እንዳለ ቁጠሪ። እንበል በ4 ሚሊሜትር መርፌ 20 አይን ወጣ። ልጁ ደረቱ 60 ሳንቲሜትር ከሆነ ለመተንፈሻና ከውስጥ ለሚለብሰው 6 ጨምሪ፣ 66 ሆነ። በ10 ሳንቲሜትር 20 ከሆነ በ66 132 አይን ነው፣ ለፊት 66 ለኋላ 66። የኔ እጅ ጠበቅ ይላል ያንቺ ላላ ሊል ይችላል፣ ስለዚህ የኔን ቁጥር ወስደሽ አትጀምሪ፣ ያንቺን ቁጠሪ። ታች ወገቡንና እጅ አንጓውን ሁለት አይን ቀጥ ሁለት አይን ግልብጥ እያረግሽ ስሪው፣ እኛ ላስቲክ የምንለው ማለት ነው፣ ተለጥጦ ይመለሳል። ለስድስት ዓመት ልጅ በዚህ ውፍረት ከ250 እስከ 300 ግራም ክር ይበቃሻል፣ አንድ ጥቅል ትርፍ ግዢ ግን፣ ኋላ ስትመለሺ ያው ቀለም ትንሽ ይለያል።

ጥያቄ፦ መርፌውን አውሮፕላን ላይ ያስገባሉ?

መልስ፦ እኔ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሄድኩት አንዴ ነው፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከትቼው ነው የሄድኩት። በር ላይ ከሰው ጋር ከመከራከር እንደዛ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር ነው፣ መኪና ውስጥ እንዴት ነው ሹራብ የሚሰሩት? እኔ ስልክ ካየሁ ያቅለሸልሸኛል።

መልስ፦ መንገዱን አውቄ ነው የምሰራው። ከደሴ ኮምቦልቻ ባለው ጠመዝማዛ መርፌ አላወጣም። ከኮምቦልቻ ሀርቡ ከሚሴ አጣዬ ሸዋሮቢት ድረስ ብዙው ሜዳ ነው፣ እዛ ላይ እጄ ይሰራል አይኔ ውጭ ነው፣ እጅሽ ከለመደ ማየት አያስፈልግም። ስለዚህ ለመንገድ የምይዘው ቀጥ ቀጥ የሆነውን ስራ ነው፣ ጀርባውን ወይ ሻርፕ፣ ቆጠራ ያለው አበባ ምናምን ለቤት ነው። ሸዋሮቢት ላይ ሙቀቱ እጅ ያልባል ክሩም ይጣበቃል፣ እዛ ምሳ በልቼ አርፋለሁ። ከዛ ደብረሲናን አልፎ ጣርማበር ዳገቱን ስትወጪ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ በክረምት ጣሊያን የሰራው ዋሻ አፍ ላይ ጉሙ ሁለት ሜትር አያሳይም፣ እዛ ላይ መርፌዬን አስቀምጬ ዱዓ ነው የማረገው። አንድ ነገር ደግሞ፣ ረጅም ቀጥ ያለ መርፌ ጎረቤትሽን ይወጋል፣ በገመድ የተያያዘውን ክቡን ያዢ።

ጥያቄ፦ የልጆች ሹራብ በዓመቱ ያጥራቸዋል፣ ልፋቱ ያሳዝነኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከአንገት ወደታች ስሪው። አንገቱ ላይ ትጀምሪያለሽ፣ ትከሻው ላይ አይን እየጨመርሽ ትወርጃለሽ፣ መጨረሻው ወገቡ ላይ ይሆናል። በዓመቱ ላስቲኩን ተርትረሽ አምስት ስድስት ሳንቲሜትር ትጨምሪበታለሽ፣ እጅጌውንም እንደዛው። ሌላ ቀለም ክር ብትጨምሪበትም ያምራል፣ የኮምቦልቻው ልጅ ሹራብ አሁን ታች በኩል ሶስት ቀለም ሆኗል፣ እሱ ደግሞ ኩሩ ነው በሱ፣ ይሄኛው የአንደኛ ክፍል ነው ይሄኛው የሁለተኛ ይላል ለጓደኞቹ።

ጭራሽ ካልሆነ ሙሉውን ተርትሪው። የተተረተረ ክር ግን እንደዛው ተጠቅልሎ አይሰራበትም፣ ጠማማ ነው፣ አይኑ ወጣ ገባ ይላል። ወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልለሽ በአራት ቦታ ላላ አርገሽ እሰሪው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከሪው፣ ሳትጠመዝዢ ጨምቀሽ ስቀይው፣ ከታች ትንሽ ክብደት አንጠልጥይበት። ሲደርቅ ቀጥ ይላል።

ጥያቄ፦ የሱፍ ሹራቤን አጥቤው የህፃን ልክ ሆነ። ይመለሳል?

መልስ፦ አይመለስም የኔ ልጅ፣ አዝናለሁ። የሱፍ ፀጉር ላዩ ላይ እንደ ቅርፊት ነገር አለው፣ ሙቅ ውሃና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይያያዛል። ሌላ ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ሳታሺ እጠቢው፣ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው፣ ገመድ ላይ አትስቀይው ይረዝማል።

ጥያቄ፦ የትልቁ ልጅዎ ሚስት ክርስቲያን ናት ብለው ነበር። ፍልሰታና መውሊድ በአንድ ወር ሲገጥሙ ቤት ውስጥ እንዴት ነው?

መልስ፦ ወሎ ላይ ይሄ ምን ይጠየቃል አብሽር። ነሀሴ መጀመሪያ ላይ ኮምቦልቻ እኔ ጋ መጥታ ሰነበተች፣ 15 ቀን ስትፆም ሽሮው ምስሩ ጎመኑ የሚሰራበት ድስት ለብቻ ነበር፣ እኔ ነኝ የለየሁላት። ቡሄ ማታ የሰፈሩ ልጆች በር ላይ ሲጨፍሩ ሙልሙሉን ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ። መውሊድ ላይ እሷ ቡናውን አፈላች። ለሷም ሻርፕ ሰርቼላታለሁ፣ ነጭ፣ ለቤተክርስቲያን እንዲሆናት። ልኳን በክር ነው የያዝኩት፣ እሷም ከረጢቱ ውስጥ አለች።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጄ ሹራብ መስራት ልማር ይላል። ባለቤቴ የሴት ስራ ነው ብሎ ይቆጣል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ለባለቤትሽ በኛ ደጋና በመንዝ ባናውንና በርኖሱን፣ የሱፍ ብርድ ልብሱንና ካባውን ማለቴ ነው፣ የሚሸምነው ማን እንደሆነ ጠይቂልኝ። ፈትሉ የሴት ነው፣ ሽመናው የወንድ ነው፣ ሱፍ መንካት ለወንድ ነውር ሆኖ አያውቅም። ልጁን አስተምሪው። በ5 ሚሊሜትር መርፌ፣ ወፈር ባለ ነጣ ያለ ክር፣ 20 አይን ብቻ ጀምሪለት፣ ጥቁር ክር እንዳትሰጪው አይኑ አይታየውም። መጀመሪያ ቀጥ ብቻ፣ አንድ መዳፍ ያህል እስኪሰራ። ሲሳሳት አንቺ አትተርትሪበት፣ ራሱ ይተርትረው። ሀይቅ ከተማ ልጆቹን አሳ ላበላቸው ወስጃቸው ሀይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ስሰራ የ11 ዓመቱ ልጅ መርፌውን ከእጄ ወስዶ አስር መስመር ሰራ፣ አሳው ቀርቦ ጠርተነው እምቢ አለ።

ጥያቄ፦ እኔ ሪያድ ነው ያለሁት፣ እናቴ ደሴ ናት። በየዓመቱ ሹራብ ትልክልኛለች ለልጄ፣ አንዱም ልክ አይሆንም፣ ደብቄ አስቀምጣቸዋለሁ። እንዳልነግራት ትከፋብኛለች ብዬ ፈራሁ። ምን ላርግ እማማ?

መልስ፦ ንገሪያት ሆዴ። እኔ ልጄ ባትነግረኝ ኖሮ እስካሁን ጠባብ አንገት እየሰራሁ እልክላት ነበር። ግን በባዶ አትንገሪያት፣ ክር ላኪላት። ልጁን አቁመሽ እኔ እንደነገርኳችሁ ለኪው፣ ከማጅራት እስከ ወገብ፣ ከብብት እስከ አንጓ፣ ደረት ዙሪያ፣ ጭንቅላት ዙሪያ፣ ሁሉም ከአንድ ጫፍ ጀምሮ። ከዛ ልጁ ራሱ ቋጠሮዎቹን ሲያጠብቅ በቪዲዮ አሳያት። ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው ስታገኚ ክሩን በወረቀት ጠቅልለሽ የልጁን ስምና የለካሽበትን ቀን ጻፊበት፣ ልጅ በስድስት ወር ይለወጣልና ቀኑን እንዳትተዪ። ጭንቅላቱ ላይ ድርብ ቋጠሮ አርጊ።