ገመዱ ገባ፣ ምስሉ ቀረ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እዚሁ ባሕር ዳር የዓሣ አስጋሪዎችን ሒሳብ እይዛለሁ። ደረሰኙን በአንዱ ስክሪን፣ መዝገቡን በሌላው እያየሁ ለመሥራት ብዬ ያገለገለ ሞኒተር ገዛሁ። ሞኒተሩ ያለው ቪጂኤ የሚባለው የምስል መሰኪያ ብቻ፣ ላፕቶፔ ያለው ኤችዲኤምአይ የሚባለው ብቻ ነው። አንዱ ጫፉ ቪጂኤ፣ ሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነ ገመድ ገዝቼ ብሰካው «ኖ ሲግናል» (ምስል አልደረሰኝም) ይለኛል። ሻጩ ደግሞ «የተበላሸው ላፕቶፕሽ ነው» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ላፕቶፕሽን ለማንም እንዳታስከፍቺ፣ ልጄ። ጥፋቱ የገመዱ ነው። ይህን በልበ ሙሉነት የምናገረው እኔው ራሴ በእንዲህ ያለ ገመድ ምክንያት ደኅናውን ኮምፒውተር ፈትቼ፣ ብሎኖቹን በቡና ስኒ ሰብስቤ ግማሽ ቀን ስለዋልኩ ነው። አንዷ ብሎን እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

የሞኒተሩን መሰኪያ ጠጋ ብለሽ እዪው። በሦስት ረድፍ 15 ቀዳዳዎች አሉት፤ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣ ነው፤ ምስል የሚቀበለውም ከፍ ዝቅ በሚል ቮልቴጅ ነው። ኤችዲኤምአይ ግን ምስሉን የሚልከው በዜሮና በአንድ ነው። ገመድሽ ውስጥ ያለው ሽቦ ብቻ ነው፤ ሽቦ ደግሞ የሰጡትን ያደርሳል እንጂ አይለውጥም።

የሚያስፈልግሽ በውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ነው። ሱቅ ስትገቢ «ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ» ብለሽ፣ ቅደም ተከተሉን ሳታዛንፊ ጠይቂ። መቀየሪያ ዘጌ አድርሳ እንደማትመልስ ጀልባ ነው፤ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው በመልክ ቢመስለውም ላንቺ አይሆንም። «ለሁለቱም ይሠራል» የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ላፕቶፕሽን አውጥተሽ እዚያው አስሞክሪው። አንዳንዱ መቀየሪያ ኃይል የሚስብበት ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ አለው፤ እሱንም ላፕቶፑ ላይ ሰኪ። በቪጂኤ ድምፅ አያልፍም። ስትሰኪው የላፕቶፑ ድምፅ ድንገት ቢጠፋ የድምፅ መውጫውን ወደ ራሱ ስፒከር መልሺው።

ምስሉ ሲመጣ ሁለቱም ስክሪኖች አንድ ዓይነት ነገር ካሳዩሽ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነሽ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘሽ የ«ፒ»ን ፊደል ንኪ፤ ከአራቱ ምርጫዎች «ኤክስቴንድ» የሚለውን ውሰጂ። ያኔ ሞኒተሩ የላፕቶፑ ቅጥያ ይሆናል። ሰው ሁሉ የሚናደደው እዚህ ላይ ነው፦ ሞኒተሩ በግራሽ ተቀምጦ ሳለ የመዳፊቷ ቀስት የግራውን ጠርዝ እየመታች ትቆማለች፣ በቀኝ በኩል ግን ሾልካ ትወጣለች። ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን የት እንዳስቀመጥሽው በምን ያውቃል? ስክሪኑ ባዶ ቦታ ላይ በመዳፊቷ ቀኝ ቁልፍ ነክተሽ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ግቢ፤ 1 እና 2 የተጻፈባቸውን ሳጥኖች እየጎተትሽ ጠረጴዛሽ ላይ እንዳሉት አስተካክያቸው።

መብራት ሲጠፋም አትደንግጪ። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ሞኒተሩ ላይ የተከፈተው መዝገብ ግን በጨለመው ስክሪን ላይ እንዳለ ሊቀር ይችላል። ያንኑ ቁልፍና «ፒ»ን ነክተሽ የመጀመሪያውን ምርጫ ብትይዪ መዝገቡ ወደ ላፕቶፑ ይመለስልሻል። የሞኒተሩን ሶኬት ግን ወዲያው ንቀዪ፤ መብራቱ ሲመለስ በምን ኃይል እንደሚመጣ አይታወቅም።