ከተማው ለኮንሰርቱ ስንት ከፈለ? የቴክሳስ የመረጃ ሕግ በጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዳላስ አካባቢ ነው። ከተማችን ትኬት ለሚሸጥበት ኮንሰርት ገንዘብ መድቧል። ስንት እንደሆነ ብንጠይቅ «ውሉ ምስጢር ነው» ተባልን። እንዲህ ማለት ይችላሉ?

መልስ፦ ዛሬ አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 የማካለን ከተማ ለዘፋኙ ኤንሪኬ ኢግሌሲያስ ስንት እንደከፈለ አልናገርም ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውሮፕላን አምራቹ ቦይንግ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ «መረጃው ከወጣ ተወዳዳሪ ይጠቀምበታል» ለሚለው ሰበብ በሩን አስፍቶለታል። ክፍያው 485,000 ዶላር መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ2019 የወጣው ሕግ ቀዳዳውን ዘጋው፤ የሕዝብ ገንዘብ በከፊልም ቢሆን የገባበት የበዓል ሰልፍ፣ ኮንሰርት ወይም ሌላ መዝናኛ ገቢና ወጪው ይፋ ነው። ይህን የሚከለክል የውል አንቀጽ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ ማመልከቻው ላይ ምን እንጻፍ?

መልስ፦ ምክንያታችሁን እንድትገልጹ አትገደዱም። «ስንት አወጣችሁ?» ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ ሕጉ በእጃቸው ያለውን ሰነድ እንዲሰጡ እንጂ ጥያቄ እንዲመልሱ አያስገድድም። ውሉን ከነማሻሻያው፣ ኢንቮይሶቹን፣ የፖሊስ ትርፍ ሰዓት ክፍያውን፣ የትኬት ገቢ ሪፖርቱን እየጠራችሁ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ጨምራችሁ ጠይቁ። በኢሜይል ከሆነ ከተማው ለዚሁ በመደበው አድራሻ ይላክ። ለምታውቁት ሠራተኛ ብትልኩት ቀኑ መቆጠር አይጀምርም።

ጥያቄ፦ ዝም ቢሉንስ?

መልስ፦ ሊከለክሉ ከፈለጉ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የስቴቱን ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ውሳኔ መጠየቅ አለባቸው። ካሳለፉት፣ ጠንካራ ምክንያት ካላቀረቡ በቀር መረጃው ይፋ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ውሳኔው እስከ 45 የሥራ ቀናት ይፈጃል፤ በመሀል እናንተም አስተያየታችሁን በጽሑፍ ማስገባት ትችላላችሁ፣ አስገቡ።

ጥያቄ፦ ያስከፍላል?

መልስ፦ ኮፒ በገጽ 10 ሳንቲም ነው፤ እስከ 50 ገጽ የጉልበት ሒሳብ በተለምዶ የለም። ከ40 ዶላር ከበለጠ ዝርዝር ግምት ይልኩላችኋል። በ10 የሥራ ቀናት ለግምቱ መልስ ካልሰጣችሁ ጥያቄውን እንደተዋችሁት ይቆጠራል፤ ስለዚህ የስፓም ሳጥናችሁን እዩ።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ በቱሪዝም ማኅበር በኩል ቢሰጥስ?

መልስ፦ ማኅበሩ ራሱ ከሕጉ ውጭ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ጋር አትሟገቱ፣ ከተማውን ጠይቁ። ከሆቴል ግብር የተሰበሰበውን ገንዘብ ሥራ ላይ የሚያውል እንዲህ ያለ ድርጅት ወጪውን ቢያንስ በየ3 ወሩ ለከተማው ምክር ቤት ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ሪፖርቱ እዚያው አለ። እንደ ኦስቲኑ ፎርሙላ 1 ላለ ትልቅ ውድድር ግን ለገዥው ጽሕፈት ቤትም ሌላ ማመልከቻ ላኩ፤ አካባቢው ለሚያዋጣው እያንዳንዱ 1 ዶላር ስቴቱ እስከ 6.25 ዶላር ሊጨምር ይችላል።