ኮምፒውተር ተምሮ ሰው ማጥናት

ከኩታበር የጻፍሽልኝ እህቴ፣

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ጨርሰሽ የባንክ ፈተና አልፈሻል። ልብሽ ያለው ግን ምርምር ላይ ነው፤ የሚያነበውና የማያነበው፣ ስልክ ያለውና የሚዋሰው በሳይበር ጥቃት እኩል የማይጎዱት ለምን እንደሆነ ማጥናት። አባትሽ ደግሞ «ኮምፒውተር ተምረሽ ሰው ልታጠኚ?» ብለዋል።

አባትሽን አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ግን ተሳስተዋል።

ደሴ ውስጥ ስምንት ዓመት ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ የገበያ ቀን ከሐይቅ የመጡ እናት ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝና የሞባይል ባንክ የሚስጥር ቁጥራቸውን ወረፋው ሁሉ እየሰማ ነገሩኝ። «ለሰው አይናገሩ፣ እማማ» አልኳቸው። «ታዲያ ማን ያንብብልኝ፣ ልጄ?» አሉኝ። መመሪያችን ለዚህ መልስ አልነበረውም። አገልግሎቱ የተሠራው እያንዳንዱ ስልክ አንድ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ያነባል ተብሎ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ የባንክ ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ እናትም የሚስጥር ቁጥር ያዥ ተብላለች።

ኮምፒውተርንና ተጠቃሚውን ሰው አብሮ ማጥናት እንግዳ ሙያ አይደለም። አን አዳምስና አንጀላ ሳስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሠራተኞች የይለፍ ቃላቸውን ወረቀት ላይ የሚጽፉት ደንቡ ከሥራቸው ጋር ስለማይገጥም እንጂ ግድ የለሽ ስለሆኑ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል። እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ አዋጁ የግል መረጃን ስለመጠቀም የሚለው «ፈቃድ» ለእኒያ እናት ምን ማለት እንደሆነ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል።

ምርምር ገንዘብ የለውም ካሉ ግን አባትሽ እውነት አላቸው፤ ምርምር የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዝ ቤት አያሠራም። ስለዚህ የባንኩን ሥራ ያዢው፣ ለሁለት ዓመት። ስምና የሂሳብ ቁጥር ሳትነኪ በመስኮቱ ያየሽውን ማታ ማታ ጻፊ፤ ለማስተርስ ስታመለክቺ ከውጤትሽ ይልቅ እሱ ይናገርልሻል። እንደ ስዊድንና ኔዘርላንድስ ባሉ አገሮች የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ነው፤ ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው።

ደመወዝሽ ለወንድምሽ የአረብ አገር መንገድ ይዋል መባሉን ግን አልቀበልም። ለቤት አስቤዛ አግዢ፤ ለደላላ አንዲት ብር እንዳትሰጪ። ይህን ለአባትሽ ፊት ለፊት መናገር ከከበደሽ አጎትሽን ላኪያቸው።

እንግሊዝኛሽ በማንበብ ይስተካከላል። ዕድሜዬ ሄደ ያልሽው ግን አሳቀኝ፤ አንቺ 24 ነሽ፣ እኔ ማስተርስ የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው።

ምድብሽን ስትጠየቂ ገበያ አጠገብ ያለ ቅርንጫፍ ምረጪ።