ቡናው ኮመጠጠ ወይስ ኮምጠጥ ይላል?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ቡና ቆልተን፣ አሽገን እንሸጣለን። በይርጋጨፌው ማሸጊያ ላይ «ደማቅ አሲዳማነት ያለው» ብለን ብናሳትም ደንበኞች «አሲድ አለበት እንዴ? ለጨጓራዬስ?» እያሉ መልሰው ያስቀምጡታል። «ኮምጣጣ» እንዳንለው ደግሞ የተበላሸ ያስመስለዋል። ትክክለኛው የአማርኛ ቃል የቱ ነው?

መልስ፦ ቃሉ በእጃችሁ ነው፤ ያስቸገራችሁ እርባታው ነው። ኮመጠጠ የሚለውን ግሥ እንውሰድ። «ቡናው ኮመጠጠ» ወይም «ኮምጥጧል» ሲባል የሆነ ለውጥ ደርሷል፤ ደህና የነበረው ተበላሽቷል። ያደረ ወጥ የሚኮመጥጠው በዚህ ስሜት ነው። «ይኮመጥጣል» ግን ባሕርይን ይናገራል፦ ሎሚ ይኮመጥጣል፣ በዚህም ማንም አይወቅሰውም። «ኮመጠጠኝ» ካሉ ፍርዱ የምላስዎ ነው፤ ያንኑ ቡና አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ላይኮመጥጠው ይችላል። ቀጥሎ «ኮምጠጥ ያለ» አለ። ቀይ «ቀላ ያለ»፣ ለስላሳ «ለስለስ ያለ» እንደሚባለው ሁሉ፣ ኮምጣጣም በዚህ ቅርጽ ሲመጣ መጠኑ ይለዝባል፤ ነቀፌታውም አብሮ ይቀራል። ደንበኛን ያስደነገጠው ሥሩ ሳይሆን የለበሰው ቅርጽ ነው። ለማሸጊያችሁ «ኮምጠጥ ያለ፣ ጥርት ያለ ቃና» የሚለውን እመርጣለሁ።

«አሲዳማነት» ስሕተት ባይሆንም ቦታው ሌላ ነው። የግብርና ባለሙያ «አሲዳማ አፈር» ሲል በኖራ የሚታከም መሬት ማለቱ ነው፤ የከተማው ሰው ደግሞ አሲድ ሲሰማ የመኪና ባትሪ ይታየዋል። ከዚህም በላይ ቃሉ በመሣሪያ የሚለካውን ነገር ይጠራል። የተፈላ ቡና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ የሚበረታበት) 5 አካባቢ ነው፣ የሎሚ ጭማቂ ግን ከ2 እስከ 2.5 ይወርዳል። ቀማሹ የሚናገረው ስለዚህ ቁጥር አይደለም። ተቀራራቢ ፒኤች ያላቸው ሁለት ቡናዎች አንዱ ቆንጠጥ ሲያደርግ ሌላው ዝም ሊል ይችላል፤ የአሲዶቹ ዓይነትና አብሯቸው ያለው ጣፋጭነት ይለያያልና። ይህን በቤት መሞከር ቀላል ነው። በሁለት ብርጭቆ 200 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ይቅዱ፣ በእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨምሩ፣ ከዚያ በአንዱ ብቻ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያሟሙ። የሎሚው መጠን እኩል ሆኖ ሳለ ስኳር ያለበትን ሲቀምሱ «ይኮመጥጣል» ሳይሆን «ኮምጠጥ ይላል» ነው የሚሉት።

«ደማቅ»ን ይተዉት። የሚደምቀው ቀለምና ሰርግ ነው። ወደ ምላስ ፈጥኖ የሚመጣ፣ ምራቅ የሚጠራ ጣዕም ለማለት «ነቃ ያለ» ይበቃል። ቀማሾች እርስ በርሳቸው «አሲዲቲው ጥሩ ነው» ቢባባሉ ግን ምንም ቅሬታ የለኝም፤ የሙያ ቤት ቋንቋ ነው፣ ማሸጊያ ላይ እስካልወጣ ድረስ ማንንም አያሳስትም።

አሁን ወደ ስኒው እንምጣ፤ በ«ኮምጥጧል» እና በ«ኮምጠጥ ይላል» መካከል ያለው ልዩነት የሚፈተነው እዚያ ነው። በተለመደው የቅምሻ ሥርዓት ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና ይመዘናል። ቡናው ከተቆላ ቢያንስ 8 ሰዓት የቆየ፣ ከ24 ሰዓት ያላለፈ፣ አቆላሉም ያልጠቆረ መሆን አለበት። ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይዘጋጃል፤ የእያንዳንዱ ስኒ ፍሬ ለየብቻ ተመዝኖ ለየብቻ ይፈጫል። ውሃው ፈስሶ 4 ደቂቃ ሲሞላው ከላይ የሰፈረውን የዱቄት ሽፋን በማንኪያ ጀርባ ሦስት ጊዜ ገፋ አድርገው ያሽትቱ፣ አረፋውን ይግፈፉ። 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በድምፅ ፉት ይበሉ፤ ለብ ሲል ይድገሙት፣ ሲቀዘቅዝ ይሠልሱት። ትኩስ ላይ የተደበቀው ኮምጣጣነት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅምሻ ነው ፊቱን የሚያሳየው። ጤና አዳም ግን ከክፍሉም ይውጣ።

ከአምስቱ ስኒ አንዱ ብቻ የአቸቶ ጣዕም ካመጣ «ይህ ስኒ ኮምጥጧል» ይበሉ፤ ይህ ጉድለት ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ እሸቱ ከተለቀመ በኋላ ሳይፈለፈል ተቆልሎ ማደሩ፣ ወይም ከቀደመው ዙር በማጠቢያ ገንዳ ውስጥ የቀረ ፍሬ ከአዲሱ ጋር መቀላቀሉ ነው። ከመጠን በላይ የተብላላ ጥቂት ፍሬ አንድ ስኒ ለማበላሸት ይበቃል። ጥሬው ላይ ሲለቅሙ ከቢጫማ እስከ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ያለውን፣ ሲፋቅ አቸቶ አቸቶ የሚሸተውን ያውጡ። አምስቱም ስኒ አንድ ዓይነት ከሆኑና ሲቀዘቅዙም ጣዕሙ ካልከፋ ግን «ቡናው ኮምጠጥ ይላል» ማለት ይቻላል፤ የታጠበ ይርጋጨፌ ሲሆን እንዲያውም የሚጠበቅ ነው።

አምስቱም እኩል ከከፉስ? ያን ጊዜ ፍሬውን ከመውቀስ በፊት አፈላሉንና አቆላሉን ይመርምሩ። «ጎምዛዛ» የሚለው ቃል የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ጎምዛዛ መኮምጠጥን ከመምረር ጋር አደባልቆ ምላስ የሚይዝ ነው፤ የኮምጠጥ ያለ ጎረቤት እንጂ ተለዋጩ አይደለም። በችኮላ ተቆልቶ ውስጡ ጥሬ የቀረ ቡና ይጎመዝዛል፣ ያልበሰለ እሸት የበዛበትም እንዲሁ። ሻካራ ተፈጭቶ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ውሃ የነካው ቡና ደግሞ ይኮመጥጣል፤ አሲዱ ፈጥኖ ሲወጣ ጣፋጩ ገና ዱቄቱ ውስጥ ነውና።

በዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ጣጣ አላት። የቅምሻ መመሪያው ውሃው 93 ዲግሪ ይሁን ይላል። በከተማችን ከፍታ ግን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው የተጻፈውን «ከፈላ በኋላ ትንሽ አቆይተው ያፍስሱ» የሚል ምክር እዚህ የሚከተል ሰው ውሃው ቀዝቅዞበት ቡናውን ሳያስፈልግ ያኮመጥጠዋል። እየፈላ ሳለ ይቅዱት።

ኮምጣጣውን ከመራራው መለየት ያቃተው ደንበኛ ሲገጥምዎ አይፍረዱበት። ለጀበና ጠቆር ተደርጎ የሚቆላው ቡና አብዛኛው አሲዱ በእሳቱ ፈርሷል፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ቡናን የሚያውቀው በምሬቱ ነው። ውጦ እንዲጠብቅ ይንገሩት፦ ምራቁ ከመጣ ኮምጣጣነት ነው፤ አፉ ደርቆ ጣዕሙ ጉሮሮው ላይ ከቆየ መራራነት።

የቀረው የኮምጣጣነቱን ዓይነት መሰየም ነው። ሎሚና ብርቱካን ሲትሪክ አሲድ፣ ፖም ማሊክ፣ እርጎ ላክቲክ፣ አቸቶ አሴቲክ አላቸው። ቀማሽ እነዚህን አራቱን ጎን ለጎን ቀምሶ ካጠና «የብርቱካን ዓይነት ኮምጠጥ ያለ» ሲል የሚያወራውን ያውቃል። «የእርጎ» ማለትም ነውር የለበትም፣ በእንጀራና በእርጎ ያደገ ምላስ ወዲያው ይገባዋል። «የአቸቶ» ግን ለጉድለት ብቻ ይቀመጥ። ከውጭ ማሸጊያዎች የሚገለበጠው «ብሉቤሪ» ፒያሳ ላይ ለማን እንደሚጻፍ አይገባኝም። አጋምም፣ ኮሽምም አማርኛ ናቸው፤ ሆኖም ከተማ ያደገው ገዢ ኮሽም ቀምሶ ላያውቅ ስለሚችል እኔ ብሆን በብርቱካን፣ በመንደሪንና በእንጆሪ እወሰናለሁ፤ ያውም በስኒው ውስጥ ከተገኙ።