ከጠረጴዛው አውርዱት

ልጆቼ፣

የሠራችሁትን በስልክ እየቀረጻችሁ ስታሳዩኝ ደስ ይለኛል። ኤልኢዲው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ትንሿ መኪና ግድግዳ ጋ ስትደርስ ትዞራለች፤ አምፖሉ በጭብጨባ ይበራል። "አሁን የት አለ?" ብዬ ስጠይቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ "ጋሼ፣ ለሌላ ሥራ ፈታሁት።" ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ይኸው መልስ ነው።

ዕድሜዬን በጥገና ስላሳለፍኩ ይሆናል፣ አንድ ሥራ አለቀ የምልበት መለኪያ ከእናንተው ይለያል። የሠራችሁት ዕቃ ከቦታው ቢነሳ "የት ወሰድከው?" ብሎ የሚቆጣ ሰው ቤት ውስጥ አለ? ካለ ሥራው ሥራ ነው። ከሌለ ገና ልምምድ ነው። ልምምድ ይጠቅማል፤ ዓመት ሙሉ ብልጭ ድርግም ላይ መቆየት ግን ምንም አይጨምርላችሁም። "ኢንጂነሪንግ አልተማርኩም" የሚለውን ሰበብም አልቀበልም። አርዱዪኖ፣ በኮድ የሚታዘዘው ትንሹ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ ሲጀመር የታሰበው ለዲዛይን ተማሪዎች እንጂ ለመሐንዲሶች አልነበረም።

እኛ ሱሉልታ በኩል ያለን ሰዎች ችግር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ውኃው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት መምጣት ይወዳል። እናቶቻችሁ ግማሽ እንቅልፍ ተኝተው የቧንቧውን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ሲደክማቸው ደግሞ ሮቶው ሞልቶ እስኪነጋ ግቢው ላይ ይፈስሳል። እንግዲህ ከዚህ ጀምሩ፦ ውኃ ሲመጣ የሚቀሰቅስ፣ ሮቶው ሲሞላ የሚጮህ ደወል።

አብዛኞቻችሁ ሁለት ሽቦ ውኃ ውስጥ ትነክራላችሁ። ጠረጴዛ ላይ፣ ብርጭቆ ውስጥ፣ ቆንጆ አድርጎ ይሠራል። ሮቶ ውስጥ ሰንብቶ ግን አንደኛው ሽቦ እየተበላ ይሄዳል፣ ሌላው ዝቃጭ ይለብሳል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ውኃ ውስጥ ብረት ይበላልና። የእርሻ አፈር እርጥበት የሚለኩት ርካሽ ሹካ መሳይ ሴንሰሮችም የሚበላሹት በዚሁ ምክንያት ነው። ሹካውን የግድ የምትጠቀሙ ከሆነ ኤሌክትሪኩን በምታነቡበት ቅጽበት ብቻ ስጡት፣ ከዚያ ወዲያው አጥፉት። ለሮቶው ግን እኔ የምመርጠው ተንሳፋፊ ማብሪያ ነው። ማግኔቱ ከውኃው ጋር ከፍ ሲል ውስጡ ያለውን እውቂያ (ሲነካካ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን የብረት ጫፍ) ይዘጋዋል፤ የኤሌክትሪኩ ክፍል ውኃውን አይነካም።

ማብሪያውን በቦርዱ ፒን (ምልክት በሚያነበው እግር) እና በግራውንዱ (በ0 ቮልቱ) መካከል ስታገናኙ ፑልአፕ ሬዚስተር፣ ማለትም ፒኑን ወደ ፖዘቲቩ የሚስበውን፣ እንዳትረሱ። ያለ እሱ፣ ማብሪያው ክፍት ሲሆን ፒኑ ማንንም ሳይነካ ይንጠለጠልና አንዴ 1 አንዴ 0 እያነበበ ያሳብዳችኋል። ኮዱን የሚያስኬደው ቺፕ ውስጥ ያለው ፑልአፕ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ነው፤ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ የሚሰካበት የመለማመጃ ሰሌዳ) ላይ ይበቃል። ከሮቶው ማማ እስከ ሳሎን በተዘረጋ ረጅም ሽቦ ላይ ግን ደካማ ነው፤ ሽቦው ከቤቱ የመብራት መስመር የ50 ኸርዝ ረብሻ ይለቅማል። ከውጭ 4.7 ኪሎ ኦም ጨምሩ፤ ኮዳችሁም ምልክቱ አንድ ሰከንድ ሙሉ ካልጸና እንዳያምን አድርጉ። በዚህ ደብዳቤ "ከጠረጴዛው አውርዱት" የምለው ይህን ዓይነቱን ነገር ነው። ሽቦው ሲረዝም ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል።

(በነገራችን ላይ፣ ለደወሉ ብቻ ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ያ ቺፕ፣ አያስፈልግም። ተንሳፋፊ፣ ባትሪና ባዘር (ጯሂው) ይበቃሉ። ቺፑ የሚገባው ደወሉ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ራሱ እንዲዘጋ፣ ወይም ታችኛው በርሜል ሲደርቅ ውኃ የሚገፋው ዲናሞ እንዲቆም ስትፈልጉ ነው። ቺፕ ያላስፈለገውን ሥራ ያለ ቺፕ የሚሠራ ልጅ በእኔ ዘንድ ከሁሉ ይበልጣል።)

ዲናሞን ካነሳን አይቀር። የአርዱዪኖ አንድ ፒን በምቾት የሚሰጠው 20 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ የተለመደችው ሰማያዊ ባለ 5 ቮልት ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የምታበራና የምታጠፋ ማብሪያ) መጠምጠሚያ ግን 70 ገደማ ይጠይቃል። ስለዚህ መሃል ላይ ትራንዚስተር፣ ቤዙ (ትእዛዝ የሚቀበለው እግሩ) ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ በመጠምጠሚያው ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የዞረ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ይገባል። መጠምጠሚያው ሲቋረጥ የሚተፋው ቮልቴጅ ትራንዚስተሩን ይገድለዋልና። ተሠርተው የሚሸጡት የሪሌ ቦርዶች ይህን ሁሉ ይዘው ይመጣሉ። የማይነግሯችሁ ሌላ ነገር አለ። ዲናሞ ሲነሳ የሚስበው ኃይል በሥራ ላይ ሳለ ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ "10 አምፔር" የተጻፈባት ትንሽ ሪሌ እውቂያዋ ተበይዶ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ኮዱ "አቁም" ቢልም የሚሰማው የለም። ሪሌዋ ኮንታክተርን (ለከባድ ዲናሞ የተሠራ ትልቅ ሪሌ) ታዝዝ፤ ኮንታክተሩ ዲናሞውን። የ220 ቮልቱን ወገን ብቻችሁን አትንኩ፤ ሠፈራችሁ ውስጥ ያለ ኤሌክትሪሺያን ያገናኝላችሁ፣ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ።

ዶሮ የምታረቡ ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ የእንቁላል ማስፈልፈያ ትሠራላችሁ። ይህ ሥራ በጣም ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። አየሩን የሚያዟዙር ፋን ላለው ሳጥን 37.5 ዲግሪ፣ 21 ቀን፤ እስከ 18ኛው ቀን ማገላበጥ፣ ከዚያ መተው። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሴንሰሩ ላይ ነው። ከኢንተርኔት የምታዩት ቪዲዮ "በረዶ ያለበት ውኃ 0፣ የፈላ ውኃ 100 ብላችሁ አስተካክሉ" ይላችኋል። ቪዲዮውን የሠራው ሰው የሚኖረው ባሕር ዳርቻ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ያለነው ደግሞ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይልብናል። 92ቱን 100 ነው ብላችሁ ካስተካከላችሁ፣ ስክሪኑ 37.5 ሲል ሳጥኑ ውስጥ ያለው እውነተኛ ሙቀት 34.5 ነው። ጫጩቱ ወይ ይዘገያል፣ ወይ ቅርፊቱ ውስጥ ይቀራል፤ እናንተ ደግሞ እንቁላሉን ታማላችሁ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ሴንሰር ከፋብሪካ ሲወጣ በግማሽ ዲግሪ ስሕተት ውስጥ ነው፤ በፈላ ውኃ አታስቸግሩት። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ውኃ የማያስገባውን ዓይነት ከትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር ጫፍ ጋር አንድ ላይ ንከሩና አስተያዩ። የትኩሳት መለኪያ በደንብ የሚያውቀው 37ን አካባቢ ነው፤ እናንተም የምትፈልጉት እሱኑ ነው። ማሞቂያውም በ37.3 ይብራ፣ በ37.7 ይጥፋ። በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ ካሰራችሁት ሪሌው ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ ይውላል።

መብራት መሄዱ አይቀርም። ሲመለስ ቺፑ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ስንተኛ ቀን ላይ እንደነበረም ይረሳል። ቀኑን ኢኢፕሮም በሚባለው ማኅደረ ትውስታ ላይ አስቀምጡ፣ ግን በሰዓት አንዴ። አርዱዪኖ ኡኖ ላይ ያለው ቺፕ አንዱን ቦታ ለ100,000 ጊዜ ያህል ለመጻፍ ነው የተሠራው፤ በየሰከንዱ ከጻፋችሁበት ያን ቁጥር ከ28 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትጨርሱታላችሁ። ሙቀቱን ደግሞ ኮድ አያድነውም። ሳጥኑ ግርጌ ውኃ የሞላባቸው ሃይላንዶች አስቀምጡ፤ መብራት ሳለ ይሞቃሉ፣ ሲሄድ ቀስ እያሉ ሙቀቱን ይመልሳሉ።

ዕቃ መግዣ ገንዘብ እንደሚቸግራችሁ አውቃለሁ። ምን አለሽ ተራ ሄዳችሁ ከወዳደቀ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ 12 ቮልት ፋን፣ የሙቀት ማስተንፈሻ አልሙኒየምና ወፍራም ሽቦ ማውጣት ትችላላችሁ። ከተጣለ ቴሌቪዥንም የሪሞት መቀበያውን። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እላለሁ፦ ፓወር ሰፕላዩን ከሶኬት ነቅላችሁም ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) 310 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። መጀመሪያ በቴስተር (ቮልት በሚለካው መሣሪያ) ለኩ፤ ካለበት በሬዚስተር አፍስሱት፣ እንደገና ለኩ፣ ከዚያ እጃችሁን አስገቡ። ጭንቅላቱ ያበጠ ካፓሲተር ካያችሁ ለአዲስ ሥራ አትውሰዱት።

ቴስተር ከሌላችሁ ሌላ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ግዙ። ሌላ ምክር የለኝም በዚህ ላይ።

ኮድ ከኢንተርኔት መውሰድ ነውር አይደለም፤ እኔም የሌላ ሰው ሰርኪዩት ሳልገለብጥ አላደግኩም። ግን አንዱን መስመር ጠቁሜ "ይህ ባይኖር ምን ይሆናል?" ስላችሁ መልሱ "እንጃ" ከሆነ፣ ያን መስመር አጥፍታችሁ ምን እንደሚሆን እዩ።

በመጨረሻ፣ ሳጥኑን ስትዘጉ ክዳኑ ውስጥ ወረቀት ለጥፉ። ሰርኪዩቱን በእጃችሁ ሳሉት፤ የትኛው ቀለም ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ የአዳፕተሩ ቮልቴጅ ስንት እንደሆነ ጻፉ። ዩኒቨርሲቲ ሌላ ከተማ ይደርሳችሁ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደወሉ ዝም ቢል ሳጥኑን የምትከፍተው ታናሽ እህታችሁ ናት። የፊዩዙን መጠንም አትርሱ፣ አለበለዚያ ቀጭን ሽቦ ጠምጥማ ትተካዋለች።